ሥዕሉና ልስኑ፤ ስለ ራንቾስ ደ ታኦስ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን

በሰሜን አሜሪካ፣ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ከታኦስ ከተማ በስተ ደቡብ ራንቾስ ደ ታኦስ የሚባል መንደር አለ። አገሩ ደጋማ ቢሆንም ዝናም የሚያንሰው፣ ለበረሓነት የቀረበ ነው። በመንደሩ አደባባይ የቆመው የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1810ዎቹ ዓመታት፣ አገሩ ገና በእስፓኝ ግዛት ሥር ሳለ፣ በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ ተሠርቶ ተፈጸመ። ቅርጹ በመስቀል አምሳል ሲሆን፣ ከፊቱ ሁለት የደወል ግንቦች፣ ከኋላው ግድግዳውን የሚደግፉ ወፋፍራም የጭቃ ምሰሶዎች አሉት።

ይህን ሕንጻ ለውጭ ዓለም ያስታወቁት ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ናቸው። አንሰል አዳምስ በ1929 ፎቶግራፍ አነሣው፤ ጆርጂያ ኦኪፍ በዚያው ዓመትና በተከታዩ ደጋግማ ሣለችው፤ ፖል ስትራንድም በ1930ዎቹ መጀመሪያ አነሣው። በታወቁት ሥራዎቻቸው ሦስቱም የመረጡት የኋላውን ወገን ነው። በዚያ በኩል በር የለም፤ ሰውም አይታይም፤ የሚታየው ከምድር የበቀለ የሚመስል ግዙፍ አካል፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

የእነዚህ ሥራዎች ውበት የሚካድ አይደለም። የሚነቀፈው ሕንጻው እንደ ዓለት ያለ ሰው እጅ ጸንቶ የሚኖር መስሎ መቅረቡ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንዲህ አይኖርም፤ ዝናምና የሚቀልጥ በረዶ ልስኑን ያጥቡታል። ስለዚህ ምእመናኑ በየዓመቱ በሰኔ ወር ገደማ ተሰብስበው ዐፈር፣ አሸዋና ጭድ በውሃ አቡክተው ግድግዳውን እንደ ገና ይለስናሉ። ሥራው በእስፓኝ ቋንቋ «ኤንሃሬ» ይባላል፤ በአገሩ የቆየ ልማድም የልስን ጥበብ የሴቶች ነበረ። እንግዲህ ሠዓሊዋን የማረካት የማዕዘኑ ልዝብነትና የምሰሶዎቹ ክብነት መዳፍ በመዳፍ ላይ ሲደራረብ የኖረበት ቅርጽ ነው። ሥዕሉ የድካሙን ፍሬ አሳይቶ ደካሞቹን ሰወረ፤ የሠዓሊዋ ስም በየቤተ መዘክሩ ሲነበብ የለሳኞቹ ስም አይነበብም።

ሕንጻን አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አድርጎ ማሰብ የሚያስከትለው ጉዳት በ1967 በተግባር ታየ። በዚያ ዓመት የውጭው ግድግዳ ይጸናል ተብሎ በሲሚንቶ ተለሰነ። የየዓመቱ ልስን ቀላል ሥራ ስላልሆነ፣ ይህን የመረጡትን በሞኝነት መክሰስ አይገባም። ዳሩ ግን ጭቃ የጠጣውን ውሃ በአየር መልሶ ይለቃል፤ ሲሚንቶ ግን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ጡቡን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። መንግሥት በ1970 ሕንጻውን በብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስነት ሲመዘግበው ይህ ልብስ ገና በላዩ ነበረ። በመጨረሻም በ1979 ሲሚንቶው ተነሥቶ ምእመናኑ ወደ ጭቃው ተመለሱ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለባህል ተመራማሪ ቀላል አይደለም። የእንዲህ ያለ ሕንጻ ታሪክ የሚጻፈው በተመሠረተበት ዓመት ወይም በመዝገብ ቁጥሩ ብቻ ከሆነ ጎደሎ ነው። ጭቃውን ማን አቦካ፣ ማን ለሰነ፣ ጥበቡንስ ከማን ተማረ ተብሎ መጠየቅ አለበት። ግድግዳው ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ቢሆንም ልስኑ የቅርብ ነው፤ አሮጌውን ያቆየውም ይኸው አዲሱ ነው። ለሳኞቹ የተቋረጡ እንደ ሆነ ሥዕሉ በቤተ መዘክር ይቀራል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ወደ ዐፈርነቱ ይመለሳል።