የደብረ ብርሃን ግድግዳና የጃፓን ማንጋ

ጃፓናውያን ማንጋ ብለው የሚጠሩትን የሥዕል ትረካ ለጎንደር አንባቢ ለማስተዋወቅ የተነሣ ጸሐፊ፣ ነገሩን ከባሕር ማዶ እንደ መጣ ብርቅ አድርጎ ቢጀምር ከእውነቱ ይርቃል፤ ከማራኪ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የተሳለመ ምእመን፣ ፊደል ባይቈጥር እንኳ፣ በግድግዳው ላይ በተርታ የተሣሉትን የጌታን ሕማማትና የቅዱሳንን ገድል ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ማንበብን ከሕፃንነቱ ለምዷልና። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ዐመፀኛውን ግን በጎን በአንድ ዓይን ብቻ የሚሥሉት፣ በተአምረ ማርያም ብራና ላይም ከየትዕይንቱ አጠገብ አጭር የግእዝ ቃል የሚያሰፍሩት ሠዓልያን፣ ሥዕል እንደሚነበብ አስቀድመው ያወቁ ሊቃውንት ነበሩ።

ጃፓንም የራሷ ጥንት አላት። በኪዮቶ የኮዛንጂ ገዳም ንብረት የሆነው፣ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የተሣለው ጥቅል፣ ጥንቸልና እንቍራሪት ሲታገሉ፣ ጦጣም የመነኵሴ ልብስ ለብሳ ስትጸልይ ያሳያል፤ ይህን የመሰለ ድፍረት በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

የዛሬው ማንጋ መልኩን የያዘው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የሕክምና ተማሪ የነበረው ቴዙካ ኦሳሙ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1947 ከሳካይ ሺቺማ ጋር ባወጣው «አዲሱ የሀብት ደሴት»፣ የሲኒማውን ዓይን ወደ ወረቀት አመጣ። የእኛ ሠዓሊ የቅዱስ ጊዮርጊስን ተጋድሎ ፈረሱ፣ ጦሩና ዘንዶው በተገናኙባት በአንዲት ቅጽበት ሲያጠቃልል፣ የማንጋ ሠዓሊ ያችኑ ቅጽበት ከፍሎ፣ አንዴ ዓይኑን፣ አንዴ እጁን፣ አንዴም ዝምታውን እየሣለ፣ በብዙ ገጽ ያስኬዳታል። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ይኸው የጊዜ አያያዝ ይመስለኛል።

ስለ ተወዳጅነቱ ግን ምክንያቱን ከብሩሽ ይልቅ ከማተሚያ ቤት እንፈልገው። በ1968 የተመሠረተው «ሾነን ጃምፕ» የተባለው የልጆች መጽሔት፣ በርካሽ ወረቀት በየሳምንቱ እየታተመ፣ በ1994 መጨረሻ የአንድ ዕትሙ ቅጂ 6.53 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። አንባቢዎች የወደዱትን ታሪክ በፖስታ ካርድ ያስታውቃሉ፤ ድምፅ ያጣው ታሪክ ይቋረጣል፣ የተወደደውም አንዳንዴ ከልኩ በላይ ይጎተታል፤ ይህንንም ጕድለቱን መሸሸግ አይገባም። እቴጌ ምንትዋብ በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው መሣላቸው የእኛ ሠዓሊ ይተዳደርበት የነበረውን ሥርዓት ይነግረናል፦ የጎንደርን ሥዕል ያቆመው የነገሥታትና የመኳንንት ስጦታ ነበር፤ የጃፓኑን ያቆመው የተማሪ ሳንቲም ነው።

ስለዚህ ስጦታው ሲነጥፍ የሠዓሊው እንጀራ አብሮ ነጠፈ። በዘመናችን ብሥራት ደበበ በ2018 በአማርኛም ጭምር ያወጣው «ጀምበር» የተባለው የሥዕል ትረካ በአሜሪካኖች የጀግና ታሪክ ፈለግ የሄደ ቢሆንም፣ ጅምሩ የሚመሰገን ነው፤ ዳሩ ግን አንድ መጽሐፍ፣ በየሳምንቱ የሚጠብቅ አንባቢ ከሌለ፣ ሙያ አያቆምም። ሠዓሊ አላጣንም፤ ያጣነው ሳምንታዊውን ማተሚያና ለእርሱ የሚከፍለውን ብላቴና ነው።

ማንጋን የሕፃናት መጫወቻ ብሎ የሚንቅ አንባቢ፣ በስድስት ዓመቱ ከሂሮሺማ እሳት የተረፈው ናካዛዋ ኬጂ በ1973 በዚያው በልጆች መጽሔት ላይ የጀመረውን «ባዶ እግሩ ጌን» አስቀድሞ ያንብብ፤ ከዚያ በኋላ ይፍረድ።