ማስተኛቱ ቀላል፣ መቀስቀሱ ከባድ፦ የአለን ስተርን የዩኤስቢ የኃይል አያያዝ መመሪያ ሲፈተሽ

አለን ስተርን ለሊኑክስ ከርነል የጻፈው የዩኤስቢ የኃይል አያያዝ መመሪያ ከርዕሱ ሲታይ ለድራይቨር ጸሐፊዎች ብቻ የተሰናዳ ይመስላል። ጉዳዩ ግን ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ሻምቡ ውስጥ መብራት ጠፍቶበት በላፕቶፕ ባትሪ ሥራውን ለሚቀጥል ሰው ሁሉ ቅርብ ነው። ሥራ የፈታ መሣሪያ ካልተኛ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ተኝቶ ካልነቃ ደግሞ ሥራውን ያስተጓጉላል።

የሰነዱ መዋቅር ከሚታየው ወደማይታየው ይወርዳል። መጀመሪያ ጽንሰ ሐሳቦቹን ይተረጉማል፤ ቀጥሎ ለተጠቃሚው የተሰጡትን መቆጣጠሪያዎች ያሳያል፤ ከዚያ ወደ ድራይቨሩ ውስጣዊ አሠራር ይገባል። ትርጓሜው ጥንቁቅ ነው፦ ለምሳሌ፣ ሃብ (ብዙ መሣሪያዎች የሚሰኩበት ማከፋፈያ) የተሰኩበት መሣሪያዎች ሁሉ ሳይተኙ ራሱ ሥራ ፈቷል አይባልም። የአሠራሩ እምብርት ቆጣሪ ነው። ድራይቨሩ መሣሪያውን ሲፈልግ ቁጥሩን ያሳድጋል፣ ሲጨርስ ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሆኖ በነባሪው 2 ሴኮንድ ሲያልፍ መሣሪያው ሊተኛ ይችላል። ስተርን ይህን ውስብስብ ሒደት ያስረዳበት ቋንቋ ግልጽና ቁጥብ ነው።

ከሁሉ የላቀው ክፍል ማስጠንቀቂያው ነው። የዩኤስቢ ደንብ መሣሪያ ሁሉ በአግባቡ እንዲተኛና እንዲነቃ ያዛል፤ ሰነዱ ግን ብዙዎቹ፣ በተለይ ፕሪንተሮችና ስካነሮች፣ ከተኙ በኋላ በደህና እንደማይነሡ ሳይሸፍን ይናገራል። በከርነል 2.6.21 እና 2.6.22 ለሁሉም ማለት ይቻላል ተፈቅዶ የነበረው በራስ ሰር መተኛት ችግር ማስከተሉን፣ በዚህም ምክንያት በነባሪው ለሃቦች ብቻ መወሰኑን ይመሰክራል። ኑሮው በፕሪንተርና በስካነር ላይ ለተመሠረተ የነቀምቴ ኅትመት ቤት ይህ ቅንነት ትልቅ ጥቅም አለው። ቴክኒካዊ ጽሑፍ የራሱን ወገን ስሕተት ሲመዘግብ ተአማኒነቱ ይጨምራል።

ጉድለቱ የሚታየው በመንቂያው መዘግየት ላይ ነው። ስለ ኤክስኤችሲአይ (የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ) በሚያወሳው ክፍል፣ ኤል1፣ ዩ1 እና ዩ2 የተባሉት ቀላል የእንቅልፍ ደረጃዎች በጣም ቶሎ የሚነቃባቸው መሆናቸውን ይነግረናል፤ «ቶሎ» ስንት እንደሆነ ግን አይለካልንም። ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ከዩ1 መንቃት ጥቂት ማይክሮ ሴኮንድ ይበቃዋል፤ ዩ2 እስከ 2 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ በዩኤስቢ 2 ከሙሉ እንቅልፍ ለመቀስቀስ ምልክቱ ብቻ ቢያንስ 20 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል። ይህች 20 ሚሊ ሴኮንድ በኪቦርድ ላይ አትታወቅም፤ በየ1 ሚሊ ሴኮንዱ መረጃ በሚልክ የድምፅ መሣሪያ ላይ ግን ድምፁን ትቆርጣለች። ድራይቨር ጸሐፊ የሚቆጥበውን ኃይልና የሚከፍለውን ጊዜ በአንድ ሚዛን ማየት ይገባዋል፤ ሰነዱ የሚያሳየው አንዱን ወገን ነው። ክፍሉም ወደ መጨረሻው የተቀጠለ እንጂ ከአጠቃላዩ ሐሳብ ጋር የተሸመነ አይመስልም።

የመጨረሻ እድሳቱ በ2014 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ይህ መመሪያ ዛሬም ሊነበብ ይገባዋል። ማስተኛትን በጥራት፣ የማስተኛትን አደጋ በሐቅ ያስተምራል። አንድ የመዘግየት ሠንጠረዥ ቢጨመርለት መቀስቀስንም እኩል ያስተምር ነበር።