ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ፦ መምህሩ የማያነቡት መጽሐፍ

«ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ» በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ቅጽ ታትሟል። የኢትዮጵያን ክርስትናና እስልምና ለሚያጠና ሰው ዋና መነሻ ነው፤ ትልቅ ሥራ መሆኑም አያከራክርም። ችግሩ፣ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንድምታ የሚያስተምሩ የኔታም ሆኑ ኪታብ ሲያስቀሩ የኖሩ የወሎ ሼህ፣ እንግሊዝኛ ካልቻሉ ስለ ራሳቸው ትምህርት የተባለውን አያነቡም፤ ስህተት ቢኖረውም አያርሙም። የምርምር ድጋፉና የኮንፈረንስ ግብዣውም አብዛኛውን ጊዜ ዲግሪና እንግሊዝኛ ይጠይቃል። ታዲያ ምን ይሻላል? ቢያንስ ስለ ባህላዊ ትምህርት የተጻፉት ክፍሎች በአማርኛ ይውጡ። መምህራኑም «መረጃ ሰጪ» ተብለው ከሚታለፉ፣ ስማቸው ከአጥኚው ጎን በጸሐፊነት ይስፈር። ያኔ እርማቱ ከባለሙያው አፍ ይመጣል።