ጠፍር አልጋ፣ ጊንጥና ቁምሳጥን፦ «የዓለም የሕፃናት ጉዳት መከላከያ ሪፖርት» ከገዳሪፍ ሲነበብ

ልጅ ሲቃጠል፣ ከአልጋ ሲወድቅ ወይም በረኪና ሲጠጣ «ቀን ጎድሎበት ነው» ማለት የለመድነው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሃኖይ ላይ ያወጡት ሪፖርት ይህን አባባል ፊት ለፊት ይሞግታል። በሪፖርቱ መሠረት በዚያን ጊዜ በየቀኑ ከ2,000 በላይ ሕፃናትና ወጣቶች ማንም ሳያስበው በሚደርስ ጉዳት ይሞቱ ነበር፤ ከእነዚህም 95 በመቶ የሚሆኑት የሚሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነበር። የሚሠሩ መሆናቸው የተረጋገጠው መከላከያዎች በየቦታው ቢተገበሩ በቀን ቢያንስ 1,000 ልጆችን ማትረፍ እንደሚቻል መጽሐፉ ይናገራል። ከስምንቱ አዘጋጆች መካከል ቅድስት በርተሎሜዎስ የሚለውን ስም ሳይ ደስ ብሎኛል። የእኛ ቤትና የእኛ ምድጃም በዚህ ሥራ ውስጥ ይኖራሉ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ያነበብኩት ደግሞ የሱዳኑን ገዳሪፍ እያሰብኩ ነው። ከመተማና ከገላባት ማዶ፣ በማሽላና በሰሊጥ እርሻ መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ለአረምና ለአጨዳ ተሻግረው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ ሌሎቹ በድርቅና በጦርነት ምክንያት ተሰደው የሄዱ ናቸው። በ1980ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተከፈተው የኡም ራኩባ መጠለያ ከትግራይ ለሚሸሹ ሰዎች በኅዳር 2020 እንደገና ተከፈተ፤ ቱነይድባ ደግሞ በ2021 መጀመሪያ ተከተለ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሱዳናውያን ራሳቸው ወደ ገዳሪፍ ተፈናቀሉ፤ ሌሎቹ ድንበር ተሻግረው መተማ ገቡ። ዛሬ በዚያ አካባቢ አንድ ጎጆ፣ አንድ ግቢና አንድ ራኩባ (ዳስ) ለስንት ቤተሰብ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ይህ መጽሐፍ ለእነዚህ ወላጆች ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። ግን በአዘጋጆቹ ልብ ውስጥ የተሣለው ቤት ግድግዳ፣ በር፣ መደርደሪያና መሳቢያ ያለው ቤት ነው።

ከአምስቱ ዋና ምዕራፎች ማለትም ከትራፊክ፣ ከመስጠም፣ ከቃጠሎ፣ ከመውደቅና ከመመረዝ ውስጥ ለገዳሪፍ ጎጆ ቅርብ የሆነው የቃጠሎው ምዕራፍ ነው። ሪፖርቱ ለ2004 ባሰላው መሠረት በቃጠሎ የሞቱት ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆች 96,000 ያህል ናቸው። ልጃገረዶች ከወንዶች ይበልጥ የሚሞቱበት ብቸኛው የጉዳት ዓይነትም ይኸው ነው። ምክንያቱ በእኛም ዘንድ ግልጽ ነው፤ ጉልቻው መሬት ላይ ነው፤ ቀሚሱ ረጅም ነው፤ ውኃ ስታሞቅ፣ እንጀራ ስትጋግርና ታናሽ ወንድሟን ስታዝል የምትውለው እሷ ናት። መጽሐፉ ምድጃውን ከፍ ማድረግንና የማብሰያውን ቦታ ከመኝታው መለየትን ሲመክር ትክክል ነው። ይህ ምክር በጭቃና በጡብ ሊፈጸም ይችላል፤ የሚጠይቀው የአንድ ቀን ሥራ ነው። የጭስ ማስጠንቀቂያ መሣሪያን ግን ለገዳሪፍ ጎጆ አልመክርም፤ እንጨት በሚነድበት ጎጆ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ይውልና ባለቤቱ በሁለተኛው ቀን ባትሪውን ያወጣዋል። የመጀመሪያ ዕርዳታው ምክር ደግሞ በጣም አስፈላጊ ነው፤ ቃጠሎን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ ይገባል። በእኛ ሰፈር ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም እንቁላል የሚቀባ ሰው ዛሬም አለ፤ ይህን ማስቀረት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ስፊር የተባለው የሰብአዊ ዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ በሚልበት መጠለያ ለረጅም ጊዜ ከቧንቧ የሚፈስ ውኃ የት ይገኛል? «በሰፊ ሳህን ውኃ ውስጥ ንከሩት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

እሳቱ ከአንድ ጎጆ ወደ ሌላው የሚዘልበት ጉዳይ ደግሞ በቤት ውስጥ ጥንቃቄ ብቻ አይፈታም። ስፊር በየ300 ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ፣ በመጠለያዎች መካከልም ቢያንስ 2 ሜትር ይጠይቃል። የሣር ክዳንና ሸራ በተደራረቡበት ቦታ ይህ ሁለት ሜትር ከማንኛውም ምክር በላይ ነው፤ ሪፖርቱ ግን የሚያየው ከሰፈሩ ይልቅ ቤቱን ነው።

የመመረዙን ምዕራፍ ሳነብ ገዳሪፍ ውስጥ ብዙ ነገር ታየኝ። ሪፖርቱ በ2004 በመመረዝ የሞቱ ልጆችን 45,000 ያህል ያደርሳቸዋል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነጭ ጋዝ የሚቀመጥበት ዕቃ ልጅ የማይከፍተው ክዳን ሲሰጠው የሚመረዙት ልጆች ቁጥር ወደ ግማሽ ገደማ መውረዱ የታወቀ ማስረጃ ነው። ከሁሉም ትምህርቱ ይህን ያህል ቀጥተኛ የሆነልኝ የለም፤ የሠራው ስብከት ሳይሆን ክዳን ነው። አሁን ገዳሪፍን እንመልከት። የእርሻ መድኃኒት በአካባቢው ሁሉ አለ፤ ፀረ አረሙና ፀረ ተባዩ በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ ከአልጋው ሥር ይቀመጣል። የማሽላ ጎተራን ከነቀዝ የሚጠብቀው እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ የማይገባው ነው። እንዲሁም ከሂና ጋር የሚቀላቀለው ጥቁር ማቅለሚያ፣ ሱዳናውያን ሰብጋ የሚሉት፣ ፓራ-ፌኒሊንዲያሚን የተባለ ኬሚካል አለው። የዋጠው ልጅ አንገቱና ጉሮሮው አብጦ ይታፈናል፤ ከተረፈም ኩላሊቱ ይጎዳል። የሱዳን ሐኪሞች ይህን መርዝ ለብዙ ዓመታት ጽፈውበታል። ይህ ማቅለሚያ ከጌጣ ጌጥ፣ ከሽቶና ከበዓል ልብስ ጋር ነው የሚቀመጠው፤ ማለትም ልጅ ሊከፍተው በሚናፍቀው ሳጥን ውስጥ።

የቤት ዕቃ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው ወደ ፊት የሚመጣው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ሆነ በገዳሪፍ ከተማ ባለ ፎቅ ቤት ተንሸራታች በር ያለው ቁምሳጥን አሁን የተለመደ ነው። ጉዳቱ ጥቂት ይመስላል፤ ግን ልጁ በሩን ሲጎትት ጣቱ ይጨመቃል፤ ሲንጠለጠልበት መስተዋት ያለው በር ከሐዲዱ ይወጣል፤ ድመት ወይም የፍየል ግልገል ውስጥ ገብታ ትታፈናለች። መፍትሔው ርካሽ ነው። በታችኛው ሐዲድ ውስጥ ልኩን የተቆረጠ እንጨት መጣል በሩ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ከሥር በሩን የሚመራው ፕላስቲክ የላላ ወይም የወደቀ ከሆነ መቀየር ይገባል። ከላይ የበሩን መንኮራኩር ከሐዲዱ እንዳይዘል የሚይዝ መግቻ ማስገባትም ያስፈልጋል። መርዙን ግን በማንኛውም ቁምሳጥን ከመተማመን ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ከፍ አድርጎ ማኖር ይሻላል። ስለ ከባድ ዕቃ መገልበጥ ደግሞ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ የቤት ዕቃ አምራቹ ኢኬያ በ2016 በአሜሪካ 29 ሚሊዮን ያህል ሣጥኖችና ባለ መሳቢያ ቁምሳጥኖች እንዲመለሱለት መጥራቱን አንርሳ፤ ተገልብጠው ልጆች ሞተው ነበር። መፍትሔው ቁምሳጥኑን በብሎን ከግድግዳ ማሰር ነው። ጎጆው ጭቃና ሣር ከሆነ ግን ብሎን የሚይዝ ነገር የለም። ያን ጊዜ ዕቃውን ከምሰሶ ጋር በገመድ ማሰር፣ ከባዱን ነገር ከሥር መደርደሪያ ማድረግ፣ ከላዩም ልጅ የሚመኘው ነገር አለማስቀመጥ ይበጃል። በመጠለያ ሠራተኞች ሥልጠና ውስጥ ይህ ቢገባ ምንኛ ደስ ባለኝ!

የሪፖርቱን ትልቁን ጉድለት ያየሁት በመውደቁ ምዕራፍ ነው። ኒው ዮርክ በ1970ዎቹ የመስኮት መከላከያ ብረት በማስገባቷ በብሮንክስ ከመስኮት የሚወድቁ ልጆች ቁጥር በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር፤ ይህ ድንቅ ምሳሌ ነው። ግን አብዛኛው የገዳሪፍ ሰው ፎቅ በሌለው ግቢ ውስጥ ነው የሚተኛው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ቤተሰቡ ጠፍር አልጋውን አውጥቶ በግቢው ውስጥ ይተኛል። ያ አልጋ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ሕፃኑ ይወድቃል። የአምስቱን ምዕራፎች ሐሳብ ቢከተል ወላጁ ልጁን መሬት ላይ ማስተኛት ይሻላል ሊል ይችላል። መሬት ላይ ግን ጊንጥና እፉኝት አለ። የጊንጥ ንድፊያና የእባብ ንክሻ የራሳቸው ምዕራፍ ስላልተሰጣቸው ይህን ሚዛን የሚያስረዳ ገጽ አላገኘሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንክሻን ችላ ከተባሉ የቆላ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2017 ነው፤ ሪፖርቱ ከተጻፈ ከ9 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ በገዳሪፍ ልጁ በአልጋው ላይ ይተኛ፤ የሚወድቅበት መሬት በአሸዋና በምንጣፍ ይለዝብ፤ የአጎበሩም ጫፍ ከመኝታው ሥር በሚገባ ይሸጎጥ።

አጎበርን ሳነሳ ገዳሪፍ ራሱ የሰጠውን ትምህርት ማለፍ አልችልም። በ1999 መጨረሻና በ2001 መጀመሪያ መካከል ድንበር የለሽ ሐኪሞች በገዳሪፍ ግዛት ለ155 መንደሮች 357,000 ያህል በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከሩ አጎበሮች አከፋፍሎ ነበር። ዓላማው ካላዛር ነበር፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚኖረው በጥቁሩ መሬት ስንጥቅና በግራር ጫካ ውስጥ ነው። በኋላ በታተመው ግምገማ መሠረት ውጤቱ ከፍተኛ በሆነበት ጊዜ ሕመሙ 59 በመቶ ያህል ቀንሷል። አጎበሩ ለዝንብ ታስቦ ቢሰጥም ኔፓል ውስጥ የተሠራ ጥናት ከእባብም እንደሚያድን አሳይቷል። አንድ ዕቃ ለብዙ አደጋ የሚበጅበትን መንገድ የሚያስብ ጽሑፍ በተለያዩ ምዕራፎች ተቆራርጦ መጻፍ አልነበረበትም። የቤት እንስሳትም እንዲሁ፤ ፍየሉ፣ ዶሮውና ውሻው ከልጁ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። እንስሳውን ከመርዝ መጠበቅ ልጁን መጠበቅ ነው፤ ውሻው ሲያብድም ልጁን ሊነክስ ይችላል።

ስለ መስጠም የሚለውን ፈጥኜ አልፋለሁ፤ ሐፊር (የውኃ ማቆሪያ) እና የመስኖ ቦይ ባለበት አገር በቂ ነው። ከባንግላዲሽ የመጣው ልምድ ግን ሊጠቀስ ይገባል፤ እናቶች በበር ላይ ከሚደረግ መከልከያ ይልቅ ልጁ የሚቀመጥበትን የታጠረ ቦታ መርጠዋል። በአንድ ክፍል ጎጆም ይህ የሚሠራ ይመስለኛል፤ በቀርከሃ ሊሠራ ይችላል።

በሪፖርቱ መጨረሻ ያሉት ሰባት ምክሮች ለመንግሥታት የተጻፉ ናቸው፤ ስደተኛ መጠለያ የራሱ ምዕራፍ የለውም። የሕፃናት ጥበቃ ዝቅተኛ መመዘኛ የተባለው መጽሐፍ በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ አደጋና ጉዳትን መመዘኛ 7 አድርጎ ማስቀመጡ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። ሁለቱ አብረው ቢነበቡ ይረዳዳሉ።

ይህ ሪፖርት ለማንበብ የሚገባው ነው፤ ለገዳሪፍ ግን ሳይሻሻል አይበቃም። በገዳሪፍ፣ በኡም ራኩባ፣ በቱነይድባና በመተማ የምትሠሩ የጤና ባለሙያዎችና የዕርዳታ ድርጅቶች ሆይ፣ የቃጠሎውንና የመመረዙን ምዕራፎች በአማርኛ፣ በትግርኛና በዐረብኛ አሳጥራችሁ አሳትሙ፤ የጊንጡን፣ የእባቡንና የአጎበሩን ገጽ ራሳችሁ ጻፉና ጨምሩበት፤ ከወረቀቱ ጋርም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁልፍ ያለው አንድ ሳጥን ስጡ።