ሰላምዎ ስንት ነው? የመንፈሳዊነት መለኪያ በመዝሙር 88 ፊት

ፋሲት-ኤስፒ የተባለው መጠይቅ የካንሰር ሕመምተኞችን መንፈሳዊ ደኅንነት ለመለካት በዓለም በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። 12 ጥያቄዎች አሉት፤ 8ቱ ስለ ሕይወት ትርጉምና ስለ ሰላም፣ 4ቱ ስለ እምነት ናቸው። ሕመምተኛው ያለፉትን 7 ቀናት አስቦ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል። ለአፍሪካ የተዘጋጀው የፓሊየቲቭ ሕክምና መለኪያ ደግሞ ባለፉት 3 ቀናት ሰላም ተሰምቶት እንደ ሆነ በአንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

ችግሩ ቃሉ አማርኛ ሲሆን ይጀምራል። ሰላም በእኛ ዘንድ ስሜት ከመሆኑ በፊት ሰላምታ ነው። ከግራና ተነሥቶ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ለጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ የደረሰ ገበሬ «ሰላም ነዎት?» ሲባል ሕመሙ አጥንቱን እየበላውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሙስሊሙ ጎረቤቱም «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ምስጋናው ውሸት አይደለም፤ መጠይቁ የሚፈልገው መልስ ግን አይደለም። በዚያ ላይ ጥያቄው ሲነበብለት ልጆቹ አጠገቡ አሉ፤ ብዙ ጊዜ የበሽታውን ስም የሚደብቁትም እነርሱ ናቸው። ካንሰር መሆኑ ያልተነገረው ሰው፣ በሽታው እምነቱን አጠንክሮለት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ምን ይመልስ?

ለእኛ ለአገልጋዮች ከባዱ ይኸው የእምነት ክፍል ነው። እምነት ካለ መጽናናትና ብርታት ይሰማል ብሎ ይነሣል። መዝሙር 88ን የጸለየው ሰው ከ16 ስንት ያገኝ ነበር? ያ መዝሙር እንደ ሌሎቹ የሰቆቃ መዝሙሮች ወደ ምስጋና አይዞርም፤ በጨለማ ይዘጋል። ሆኖም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለእግዚአብሔር የተነገረ ነው። በማርቆስ 15፥34 ጌታችን የጮኸውንስ ጩኸት በየትኛው ሣጥን ምልክት እናደርግበታለን?

ለባለሙያዎቹ ፍትሐዊ እንሁን፤ የለኩትን «ደኅንነት» አሉት እንጂ «ታማኝነት» አላሉትም። ዝቅ ያለውን ቁጥር አይተን «እምነቱ ደክሟል» የምንለው እኛ ነን። ይህንንም ለማለት መጠይቅ አላስፈለገንም፤ ተጸልዮላት ያልተፈወሰች እኅት ለምስክርነት ወደ መድረክ ስትጠራ ስንቶቻችን አይተናል?

መለኪያው ይጣል አልልም። እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ጊዜዋ አጭር ነው፤ አንድ ዝቅ ያለ መልስ የት ቁጭ ብላ ማዳመጥ እንዳለባት ያሳያታል። መጋቢው ግን ከቁጥሩ በኋላ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ «ለእግዚአብሔር ምን እያሉት ነው?» ይህንንም ልጆቹ ወጣ ባሉበት ሰዓት ቢጠይቅ ይሻላል፤ መልሱ ቁጣ ቢሆንም ለማረም አይቸኩል።