«ግሪም ፋንዳንጎ»፦ ዘሎ ያለፋቸው ዓመታትና ያሠራን እንቆቅልሾች

ስለ «ግሪም ፋንዳንጎ» የሚጻፈው ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ታሪኩ ድንቅ፣ ምልልሱ የተባ፣ የፒተር ማኮኔል ሙዚቃ ከጆሮ የማይጠፋ ይባላል፤ እንቆቅልሾቹ አታካች፣ ገጸ ባሕርይውን በኪቦርድ መንዳቱም የማይመች ይባላል። ከዚያ ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበውን ያህል አለመሸጡ ይነሣና፣ የአድቬንቸር ጌም ዘመን አብሮት አከተመ ተብሎ ይለቀሳል። ይህ ለቅሶ ለሂስ አልበጀም። በጊዜው የነበሩ ገምጋሚዎች ጌሙን በሙገሳ ነው የተቀበሉት፤ ሠሪው ሉካስአርትስም እ.ኤ.አ. በ2000 ሌላ የ«መንኪ አይላንድ» ክፍል አውጥቷል። ሰማዕት የሚያሰኘው ነገር የለም። የሰማዕትነቱ ወሬ ያተረፈልን ነገር ቢኖር፣ ሥራው የት ላይ እንደ ሠመረና የት ላይ እንደ ወደቀ ሳንለይ በጅምላ ማድነቅን ነው። ዝናው ይገባዋል ባይ ነኝ፤ የሚወደስበት ምክንያት ግን በአብዛኛው ሌላ መሆን ነበረበት።

ታሪኩን በዝርዝር መድገም አያስፈልግም። ማኒ ካላቬራ በሙታን ዓለም የጉዞ ወኪል የሆነ አጽም ነው። ነፍሳት ወደ መጨረሻው ዕረፍት ለመድረስ አራት ዓመት ይጓዛሉ፤ በምድር በደግነት የኖረ ግን ቁጥር ዘጠኝ በሚባለው ባቡር አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ባቡሩ የሚገባት ሜቼ ኮሎማር ትኬቷን ተነፍጋ በእግሯ ትወጣለች፤ ማኒ ይከተላታል። ከበስተጀርባ ሄክተር ለማንስና ዶሚኖ ሀርሊ የጻድቃንን ትኬት እየሰረቁ ለባለ ገንዘብ ይቸበችባሉ። የጌሙ ደራሲ ቲም ሼፈር የአዝቴኮችን የአራት ዓመት የሙታን ጉዞ፣ የሜክሲኮን የሙታን ቀንና የ1940ዎቹን የሆሊውድ የወንጀል ፊልሞች አንድ ላይ አዋሕዷል። ሁሉም የሚያደንቀው ይህን ውሕደት ነው። ውሕደቱ ያምራል፤ ነገር ግን ልብስ ነው። ከውስጡ ያለው ትልም እነዚያን ፊልሞች ያየ ሰው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ወንጀለኛውን የሚጠረጥርበት የተለመደ ታሪክ ነው።

የጌሙ ጥበብ ያለው ታሪኩ በዘለላቸው ቦታዎች ላይ ነው። አራቱ ምዕራፎች የሚውሉት በአራት ተከታታይ የሙታን ቀኖች ነው፤ በመካከላቸው ያለው ዓመት አይታይም። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ማኒ ሩባካቫ የተባለችው የወደብ ከተማ ይደርሳል። ሜቼ የለችም። እዚያው እየጠበቃት በአንድ የደከመ ምግብ ቤት መወልወያ ይይዛል። ስክሪኑ ይጨልማል። ሲበራ አንድ ዓመት አልፏል፤ ቤቱ በስሙ የሚጠራ የቁማር ቤት ሆኗል፤ መወልወያ ይዞ ያየነው ሰው ነጭ የራት ልብስ ለብሶ ቆሟል። ይህን ሁሉ እንዴት እንደ ሠራ አንድም ቃል አይነገረንም። በሥነ ጽሑፍ አንድ ደራሲ የገጸ ባሕርይውን ሐዘን በቀጥታ ሳይናገር እንዲሰማን ሲያደርግ እናደንቀዋለን፤ እዚህ የተደረገው እሱ ነው። መብራቱ፣ ደንበኛው፣ ያማረው ልብስ ሁሉ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቋት አልመጣችም። ብልጽግናው የመጠበቁ ልክ ነው። በጌም ዓለም ከዚህ የተሻለ የጊዜ ዝላይ አላየሁም።

ዘዴው በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ይደገማል። ማኒ የመጨረሻው ዝቅተኛ መርከበኛ ሆኖ ይሳፈራል፤ በዓመቱ ካፒቴን ሆኖ ይታያል። ይህኛው ያስቃል እንጂ አያሳዝንም።

ሌላም ዝምታ አለ። ማኒ በሞት መሥሪያ ቤት የጉዞ ወኪል ሆኖ የሚሠራው በሕይወት ሳለ የፈጸመው በደል ስላለበት ነው። በደሉ ምን እንደ ነበር ጌሙ እስከ መጨረሻው አይናገርም። ደካማ ደራሲ ቢሆን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የዕንባ ትዕይንት ያዘጋጅለት ነበር።

ወደ አጨዋወቱ ስንመጣ ነገሩ ይደፈርሳል። ስክሪኑ ላይ ጠቋሚ የለም፤ የዕቃ ሳጥንም የለም። ማኒ ሊታይ የሚገባ ነገር አጠገብ ሲያልፍ አንገቱ ወደዚያ ይዞራል። የያዘውን ዕቃ ለማየት ስንፈልግ ከኮቱ ውስጥ አንድ በአንድ እያወጣ ያሳየናል። ብዙዎች ይህን እንደ ጉድለት ቢቆጥሩትም እኔ ከጌሙ ብርቅ ነገሮች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ፤ ተጫዋቹ ዓለሙን የሚያውቀው በገጸ ባሕርይው ዓይን ብቻ ነውና። ደብል ፋይን የተባለው የጌም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የታደሰ ቅጂ ሙዚቃው በሜልቦርን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እንደገና ተቀርጿል፤ በማውስ መጫወትም ተችሏል። ሙዚቃው ተጠቅሟል። በማውሱ ለሚጫወት ግን ያ የአንገት መዞር ከቁም ነገር አይገባም፤ ጠቋሚው ሥራውን ወስዶበታል።

ችግሩ እንቆቅልሾቹ ላይ ነው፤ ከባድ መሆናቸው ግን አይደለም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ድንጋይ የሆነው ጫካ ውስጥ አንድ የመንገድ ምልክት አለ። ተጫዋቹ ነቅሎ ይዞት መሄድ፣ ሌላ ቦታ መትከል፣ ወደ ጠቆመበት መሄድ፣ እንደገና መትከል አለበት፤ ስውሩ መንገድ የሚገኘው በዚህ ነው። ምልክቱ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማኒ አያውቅም፣ እኛም አናውቅም፣ ከፈታነው በኋላም ያወቅነው ነገር የለም። የቁማር ቤት ያቋቋመበትን ዓመት በአንድ ጨለማ ያሳለፈ ጌም፣ እዚህ ሰዓታችንን በእንጨት መትከል ይበላዋል። ሩባካቫም ውስጥ ቢሆን ከዚህ የማይሻል አለ፤ ፎርክሊፍትን ሊፍት ውስጥ አስገብቶ በትክክለኛዋ ቅጽበት ሹካውን መሰንቀር የእጅ ፍጥነት ፈተና ነው።

ከዚህ ጋር የሰከረውን መርከበኛ የናራንሃን እንቆቅልሽ ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጣል። በዚህ ዓለም ሙታን እንደገና ሊሞቱ ይችላሉ፤ ልዩ ኬሚካል የተተኮሰበት ሰው ከአጥንቱ አበባ ይበቅልበትና ያልቃል። የሬሳ መርማሪው ሜምብሪዮ ክፍል በእንደዚህ ዓይነት አካላት የተሞላ ነው፤ አበባው ሸፍኗቸው ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ማኒ መርከብ ላይ ለመሳፈር የናራንሃን የሥራ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተኛበት የስም ሰሌዳውን ወስዶ አንዱ ሬሳ ላይ ያኖራል። በሕይወት ያለው ሰው ሞተ ይባላል፤ ማንነቱ ያልታወቀው ሟችም የማይገባውን ስም ይዞ ይቀራል። መፍትሔውን ስናገኝ ብልሃታችን ያስደስተናል፤ ወዲያው ደግሞ ያሳፍረናል። ማኒ ፍቅሩን ፍለጋ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ በምልልስ ሳይሆን በገዛ እጃችን ሠርተን እንማራለን። ትልሙና እንቆቅልሹ አንድ የሚሆኑት እዚህ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ እንዲህ ያሉ ጊዜያት ስላሉት ከሌሎቹ ሦስቱ ይበልጣል።

ሦስተኛውና አራተኛው ምዕራፍ ቸኩለዋል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የሜቼ ዕጣ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የምትፈለገው ሴት ስትገኝ የምትሠራው ጥቂት፣ የምትናገረውም ያነሰ ነው። ደግነቷ በፋይሏ ተጽፏል፤ በትዕይንት አልታየም። መኪና መንዳት ብቻ የሚፈልገው ጋኔን ግሎቲስ ከእርሷ የበለጠ ነፍስ አለው፤ ሥራ በማጣቱ ልቡን ከደረቱ አውጥቶ ሲወረውር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጌሙን በፍቅር ታሪክነቱ የሚያወድሱ ሐያስያን ይህን ክፍተት ማለፋቸው ቸርነት አይደለም፤ ሥራቸውን አለመሥራት ነው።

ጌሙን ያልሞከረ አንባቢ የታደሰውን ቅጂ ገዝቶ ይጫወት። ማውሱን ትቶ በኪቦርድ ወይም በመቆጣጠሪያ ይንዳ። ጫካው ውስጥ ሲደርስ የምልክቱን መፍቻ ያለ ሐፍረት ከመመሪያ ይመልከት፤ ጊዜውን ሩባካቫ ላይ ያውለው፤ እዚያ ያሉትንም ሰዎች ሁሉ ያነጋግር።