ገበሬን ሳይጠይቁ ስለ ማልማት

ልማት መልካም ነገር መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን መልካሙን ነገር ለሰው ስናደርግ ሰውየውን ሳንጠይቅ የሆነ እንደሆነ፣ ሥራው ከልማት ይልቅ ወደ ግዳጅ ያዘነብላል። ለዚህም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ይባል የነበረውን መመርመር ይበቃል።

ይህ ዕቅድ ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታንና ሌሎቹን የዙሪያ ከተሞች ከዋናው ከተማ ጋር ለማያያዝ የታሰበ ነበር። አሳቡ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የከተማ መስፋት የማይቀር ነውና። የሚነቀፈው አሠራሩ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43፣ ሕዝቡ እርሱን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ አሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ረቂቁ በ2006 ዓ.ም. በተገለጠ ጊዜ ግን ከተሰሙት ቅሬታዎች ዋናው ገበሬው አልተጠየቀም የሚል ነበር። ተቃውሞው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ተነሥቶ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ እንደገና ተቀሰቀሰ። ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. ቢሰረዝም አስቀድሞ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። በምክር ሊያልቅ ይችል የነበረው ነገር በደም ተከፈለበት።

ካሣም ቢሆን የምክርን ቦታ አይተካም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ይሰጠው ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ስሌቱን ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። ነገር ግን የሱሉልታ ገበሬ ከመሬቱ የሚያገኘው እህል ብቻ አይደለም፤ ድርቆሹ፣ ወተቱ፣ ኩበቱ፣ ደቦው፣ ለልጁም የሚያወርሰው ሙያ ሁሉ ከመሬቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ከሞፈርና ከቀንበር በቀር ሌላ ሙያ ያልተማረ ሰው ብሩ ሲያልቅበት ወዴት ይሂድ?

ሰውን ረስቶ መሬትን ብቻ የማልማት ስሕተት አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በጭላሎ አውራጃ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ምርቱን ከፍ አድርጎ ነበር። ነገር ግን የጭሰኛው ይዞታ ሳይጸና እርሻው አትራፊ ስለሆነ፣ ብዙ ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አስወጡ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋልና ጥያቄው ዛሬም አላበቃም። ዕቅድ የሚያወጣ ሰው እርሳሱን ከማንሣቱ አስቀድሞ ገበሬውን ይጠይቅ፤ እምቢ ቢለው ምክንያቱን ይስማ፤ መሬቱን ከለቀቀም ከሚመጣው ጥቅም ድርሻ ይመድብለት። የተጠየቀ ገበሬ ዕቅዱን እንደ ገዛ አዝመራው ይጠብቀዋል፤ ያልተጠየቀው ግን ማሳው ውስጥ እንደ ገባ የሰው ከብት ያባርረዋል።